ዕድሜ ለንስሐ፦ ስለ ሞት ቅጣት ክርስቲያናዊ ትምህርት

በሀገራችን ሽማግሌዎችና ካህናት ሲመርቁ ደጋግመው ከሚሰጡን ምርቃት አንዱ «ዕድሜ ለንስሐ ይስጠን» የሚለው ነው። ከልጅነት ጀምሮ ስለምንሰማው ይዘቱን ሳናስተውል እናልፈዋለን። ነገር ግን በውስጡ ታላቅ እምነት አለ፤ የሰው ዘመን ለመሥራትና ለመብላት ብቻ ሳይሆን ወደ እግዚአብሔር ለመመለስም የተሰጠ ነው፤ የሚሰጠውም የሚወስደውም እርሱ ነው። የሞት ቅጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም፣ ጭካኔስ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ልንመረምረው የሚገባን በዚህ ምርቃት ብርሃን ነው። በዚህ እትም ጥያቄውን ከቅዱስ መጽሐፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ከታሪክ አንጻር እናጠናለን።

የሐዘንተኛው ጩኸት

ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ የሚነሣው ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከሐዘን ቤት ነው። ልጁን በግፍ የተነጠቀ አባት፣ ባሏ የተገደለባት ሴት «ገዳዩ ይሙት» ቢሉ ጨካኞች ናቸው ብለን ልንፈርድባቸው አይገባም። በጩኸታቸው ውስጥ እውነት አለ፤ የጠፋው ሕይወት ዋጋ ነበረው፣ ምንም እንዳልሆነ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም ማለታቸው ነው። የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ ኦሪት ይነግረናል (ዘፍ. 4፡10)። እግዚአብሔር የሰማውን ጩኸት እኛ ጆሮ ልንነፍገው አንችልም።

በቀድሞው የሀገራችን ሥርዐት ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች የሚሰጥበት ልማድ ነበር፤ እነርሱም ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይለቁታል፣ ወይም ስለ እግዚአብሔር ብለው ይምሩታል። ልማዱ በሐዘንተኛው ትከሻ ላይ ከባድ ሸክም ይጭን ነበር፤ ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል። ሞት የማይቀር የፍትሕ ፍጻሜ ተደርጎ አልተቈጠረም፤ ከፍርድ በኋላም የምሕረት በር ክፍት ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰውም የሰነዘረውን ክንድ ይመልስ ነበር፤ የሕግ ስም ሲጠራ እጅ ይሰበሰብ ነበርና።

ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምራል?

የሞት ቅጣትን የሚደግፉ ወገኖች በቅድሚያ የሚጠቅሱት ሰውን የገደለ በሰው እጅ እንደሚሞት የሚናገረውን ቃል ነው (ዘፍ. 9፡6)። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚሰጠውን ምክንያት ልብ እንበል፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል ይላል። እንግዲህ ይህ አርአያ በሟቹ ላይ ብቻ ነውን? ኃጢአት ያጎድፈዋል እንጂ ከገዳዩ ላይ ፈጽሞ አይፍቀውም።

የመጀመሪያውን ነፍሰ ገዳይ ጉዳይ የተመለከተው ዳኛ ራሱ እግዚአብሔር ነበር። ማስረጃው የማያጠራጥር፣ ጥፋቱም የወንድም ደም ነበር። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም፤ ቃየል ከምድሩ ተሰደደ። ሆኖም ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው እግዚአብሔር ምልክት አደረገለት (ዘፍ. 4፡15)። ቅጣትና ጥበቃ በአንድ ፍርድ ውስጥ ተገናኙ። ነቢዩ ሕዝቅኤልም አምላክ በኃጢአተኛው መሞት ሳይሆን በመመለሱና በሕይወት በመኖሩ እንደሚደሰት ይነግረናል (ሕዝ. 33፡11)። ቅዱስ ጳውሎስ ሹም ሰይፍን በከንቱ እንደማይታጠቅ ሲያስተምር (ሮሜ 13፡4) መንግሥት ክፉ አድራጊን የመቅጣት ሥልጣን እንዳለው ያረጋግጣል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥልጣን አትክድም፤ ጥያቄው ሥልጣኑ እስከ ምን ይደርሳል የሚለው ነው።

አንዳንዶች «በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በመጨረሻው ሰዓት ድኗል፤ የሞት ፍርድ እንዲያውም ሰውን ለንስሐ ያነቃዋል» ይላሉ። ጸጋ በአንዲት ሰዓት ሊሠራ እንደሚችል እናምናለን። ነገር ግን ያችን ሰዓት መወሰን የእኛ ሥራ ነውን? ደግሞም በሁለቱ ወንበዴዎች መካከል የተሰቀለው ንጹሕ ነበር፤ የሞት ፍርዱም የተሰጠው በሥልጣን ወንበር ላይ በተቀመጠ ዳኛ ነው። መስቀልን የሚሳለም ክርስቲያን የሞት ፍርድ ሊሳሳት እንደሚችል ሊዘነጋ አይችልም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዴት አደገ?

በዚህ ነጥብ ላይ ታሪክን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በ13ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ለኅብረተሰቡ አደገኛ የሆነን ሰው መላውን አካል እንዳይበክል ከሚቈረጥ የታመመ ብልት ጋር አመሳስሎታል። የጳጳሳት ግዛት የነበሩት የኢጣልያ አውራጃዎችም ይህ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1870 እስከ ፈረሰበት ዘመን ድረስ በወንጀለኞች ላይ የሞት ቅጣት ይፈጽሙ ነበር።

ሌላው ድምፅም ከጥንት ጀምሮ አልጠፋም። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሰሜን አፍሪካ የመለያየት ወገን የሆኑ ሰዎች አንድ ካህን በገደሉ ጊዜ፣ ቅዱስ አውጉስጢኖስ ለሮማዊው ሹም ለማርቄሊኖስ ጽፎ ገዳዮቹ እንዳይገደሉና የአካል ጉዳት እንዳይደርስባቸው ለምኗል። የለመነው ለወዳጅ ሳይሆን የገዛ ወንድሙን ካህን ለገደሉ ሰዎች ነበር።

በቅርቡ ዘመን ይህ ሁለተኛው ድምፅ እየጎላ መጣ። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1969 የሞት ቅጣትን ከቫቲካን ሕግ አስወገዱ። በ1992 የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እጅግ ከባድ ለሆኑ ጉዳዮች ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም ነበር። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ግን በ1995 «የሕይወት ወንጌል» በተባለው መልእክታቸው፣ በዘመናችን ቅጣቱ ፍጹም የግድ የሚሆንበት ሁኔታ እጅግ ጥቂት፣ ምናልባትም ጨርሶ የሌለ መሆኑን አስተማሩ። በ2018 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የትምህርተ ክርስቶስን ቁጥር 2267 አሻሻሉ፤ በዚህም መሠረት ቤተ ክርስቲያን የሞት ቅጣት ተቀባይነት የሌለው መሆኑን ታስተምራለች፤ በዓለም ሁሉ እንዲቀርም ትሠራለች።

ለዚህ የተሰጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የሰው ክብር እጅግ ከባድ ወንጀል ከተፈጸመ በኋላም አይጠፋም። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ቅጣት ዓላማ ይበልጥ ተብራርቷል፤ ቅጣት ጥፋትን ማረምንም ይመለከታል። ሦስተኛ፣ ሕዝብን ከአደጋ የሚጠብቅ የእስር ሥርዐት በተሻለ መንገድ ተዘርግቷል፤ ይህም ጥፋተኛው ራሱን የሚያርምበትን ዕድል ለዘለዓለም አይነጥቀውም። ሕዝብን የመጠበቅ ግዴታ እንደ ጥንቱ ጸንቷል፤ ለመጠበቅ ሲባል መግደል ግን አላስፈላጊ ብቻ ሳይሆን የሰውን ክብር የሚነካ መሆኑ በግልጽ ታውቋል።

ጭካኔ አለበትን?

ሰዎች ይህን ቅጣት ጭካኔ የሌለበት ለማድረግ ብዙ ደክመዋል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1792 ጊሎቲን የተባለው የአንገት መቁረጫ ሥራ ሲጀምር ሥቃይን ያሳጥራል ተብሎ ነበር። በአሜሪካ በ1890 የኤሌክትሪክ ወንበር፣ በ1982 የመርዝ መርፌ፣ በጥር ወር 2024 ደግሞ በአላባማ የናይትሮጅን ጋዝ በተመሳሳይ ተስፋ ሥራ ላይ ዋሉ። በጋዝ የሞተው ሰው በ2022 በመርፌ ሊገደል ተሞክሮ ደም ሥሩ ባለመገኘቱ ወደ እስር ክፍሉ የተመለሰ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ፍለጋ አለመቋጨቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ጭካኔው በመሣሪያው ላይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ታስሮ ማንንም ሊጎዳ በማይችልበት ጊዜ የሚሞትበት ቀንና ሰዓት ተነግሮት፣ ለዓመታት ሞቱን እየቈጠረ እንዲኖር ይደረጋል። ወንጀል ያልሠራች እናቱም አብራው ትቈጥራለች።

ስሕተት ሲደርስም መመለሻ የለውም። በአሜሪካ ብቻ ከ1973 ወዲህ የሞት ፍርድ ከተፈረደባቸው ሰዎች መካከል ከ190 በላይ የሚሆኑት በኋላ ነጻ ወጥተዋል። ያለ አግባብ የታሰረን ሰው መፍታትና መካስ ይቻላል፤ የተገደለውን ግን ማንም አያስነሣውም። በሀገራችንም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለ ሥልጣናትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ ሌሊት መረሸናቸው፣ ከዚያም የተከተለው የደም ዘመን፣ መግደል እንደ መንግሥት ሥራ ሲቈጠር ወዴት እንደሚያደርስ አሳይቶናል።

ጊዜ የተሰጠው ነፍሰ ገዳይ

እ.ኤ.አ. በ1902 በኢጣልያ የ11 ዓመቷ ማሪያ ጎሬቲ ሊደፍራት በሞከረው በአሌሳንድሮ ሴሬኔሊ ስለት ተወግታ ሞተች። ከመሞቷ በፊት ይቅር ብላዋለች። ኢጣልያ በ1889 ባወጣችው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን ስላስቀረች፣ የ20 ዓመቱ ወጣት በ30 ዓመት እስራት ተቀጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳች ጸጸት አላሳየም። ከጊዜ በኋላ ግን ማሪያ በሕልሙ አበባ ስትሰጠው እንዳየ ተናገረ፤ ልቡም ተመለሰ። 27 ዓመት ታስሮ በ1929 ከተፈታ በኋላ ወደ እናቷ ወደ አሱንታ ሄዶ ይቅርታ ለመነ፤ እርሷም ይቅር አለችው። በ1950 ማሪያ ቅድስት ተብላ ስትታወጅ እናቷ በሥፍራው ነበረች። አሌሳንድሮ የቀረውን ዘመኑን በካፑቺን ገዳም በአገልግሎት ኖሮ በ1970 አረፈ።

ሕጉ በ1902 ገድሎት ቢሆን ኖሮ በዚያ በደነደነ ልቡ በሞተ ነበር። ጊዜ የተሰጠው ሁሉ ይመለሳል ማለታችን አይደለም። እግዚአብሔር ለእኛም ዕድሜ የሚሰጠን በሚገባ እንደምንጠቀምበት ዋስትና አስይዘን አይደለምና።

በሀገራችን ያለው ሁኔታ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ለከባድ ወንጀል በሕግ ከተወሰነ ቅጣት በቀር ማንም ሕይወቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣትን ይዞ ይገኛል፤ ሆኖም ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ እንዳይወሰን፣ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸናውም እንዳይፈጸም ያዛል። በይፋ ከሚታወቁት መካከል የመጨረሻው የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሃይማኖት መሪዎች ካቀረቡት የምሕረት ልመና በኋላ፣ ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ 23 የደርግ ባለ ሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል። ልመናው ለብዙዎች መራራ ነበር፤ የልጆቻቸውን አስከሬን እንኳ ያላገኙ ወላጆች በሕይወት ነበሩና። ፍርዱ ግን አልተሰረዘም፤ ጥፋቱም ጥፋት መባሉ አልቀረም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ትምህርት በየቁምስናችን ስናስተምር ሦስት ነገሮችን እንጠንቀቅ። በመጀመሪያ፣ በሐዘን ላይ ላለ ሰው «ይቅር በል» የሚለውን ቃል አናስቀድም፤ አብረነው እናልቅስ፣ የሟቹን ስም በጸሎት እንጥራ፣ የቀሩትን ልጆች እንርዳ። ይቅርታ የጸጋ ፍሬ ስለሆነ በግድ አይለቀምም። ሁለተኛ፣ የሞት ቅጣት ይቅር ማለት ወንጀል ሳይቀጣ ይቅር ማለት እንዳልሆነ በግልጽ እናስረዳ፤ እውነቱ ሊወጣ፣ ጥፋተኛው ሊፈረድበትና ሊታሰር፣ ተበዳዩም ሊካስ ይገባል። ሦስተኛ፣ የታሰሩትን መጠየቅ ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ሥራ ነውና (ማቴ. 25፡36) ትምህርታችን በቃል ብቻ አይቅር።

ለራሳችን ዕድሜ ለንስሐን በየቀኑ እየለመንን ለሌላው ሰው ልንከለክለው አንችልም። የሕይወት ጌታ ለሟቾች ዕረፍትን፣ ለሐዘንተኞች መጽናናትን፣ ለበደሉትም የመመለሻ ጊዜን ይስጥልን፤ አሜን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. እግዚአብሔር ቃየልን ቀጥቶ ሳለ ለምን ጠበቀው? ይህ ስለ ፍትሕ ምን ያስተምረናል?

2. የቅዱስ አውጉስጢኖስ ልመናና የአሱንታ ይቅርታ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

3. በቁምስናችን በግድያ ዘመዱን ያጣ ቤተሰብ ቢኖር፣ ስለ ይቅርታ ከመናገራችን በፊት ምን ልናደርግለት ይገባል?

4. በአቅራቢያችን ያሉትን እስረኞችና ቤተሰቦቻቸውን ለመጠየቅ ምን ማድረግ እንችላለን?