ቫኑን አሠርቼ ልሽጥ ወይስ እንዳለ?

ለአምዱ አዘጋጅ፦

የምኖረው ገደራ ነው። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ቫኔ ላይ ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ እየጫንኩ ቂርያት ማላኺና ያቭኔ ላሉ ደንበኞቼ ሳደርስ ኖሬያለሁ። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ሥራውን ላቆም፣ ቫኑንም ልሸጥ ነው። ችግሩ እሱም እንደኔ ደክሟል። ክላቹ ይንሸራተታል፣ ማዝጋኑ (አየር ማቀዝቀዣው) አይሠራም፣ የጎን በሩ ተጨርምቷል። ሙሳኽ (ጋራዥ) ብወስደው ለክላቹ 3,800፣ ለማዝጋኑ 1,700፣ ለበሩ 2,000፣ በድምሩ 7,500 ሼቄል አሉኝ። በሌቪ ይጽሐቅ የመኪና ዋጋ ዝርዝር 21,000 አካባቢ ነው። አንድ ነጋዴ «እንዳለ በ11,000 እወስደዋለሁ» ብሎኛል።

ባለቤቴ «ለወንድሜ ልጅ ስጠው» ትላለች። ልጁ ቂርያት ማላኺ ነው፤ ውትድርናውን ጨርሶ ዕቃ የማመላለስ ሥራ ሊጀምር ነው። ዘመድ ነውና በ15,000 ስጠኝ አለኝ። ሁሉንም አሠርቼ ብሰጠው 7,500 ብቻ ይቀረኛል። ሳላሠራ ብሰጠው ደግሞ መንገድ ላይ ሲያቆመው ስሜ በየለቅሶውና በየሠርጉ ሊነሳ ነው። ያቭኔ ያለው አማቼ «ካልጠየቀህ አትንገረው» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከገደራ

*

ጋሼ፣ ክላቹን አያሠሩት፤ ለልጁም አይደብቁት። ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

ከሦስቱ ብልሽቶች ሁለቱን አሁኑኑ ይተዉዋቸው። ማዝጋኑ እንደማይሠራ ገዢው አዝራሩን ተጭኖ በአንድ ደቂቃ ያውቀዋል፤ ዋጋ ላይ ይከራከርበታል፣ በዚያው ያልቃል። ዕቃ የሚጫንበት ቫን በር ደግሞ ቢቃና ለስንት ቀን ነው? እንዲያውም ሊሸጥ ሲል የተቀባ በር ጥርጣሬ ይጠራል። ማኾን ብዲካ (የመኪና መመርመሪያ ጣቢያ) የቀለም ውፍረት የሚለካ መሣሪያ አለ። በሩ ላይ አዲስ ቀለም ከተገኘ ገዢው «ከሥሩ ምን አለ?» ማለት ይጀምራል። በ2,000 ሼቄል ጭቅጭቅ ገዙ ማለት ነው።

ክላቹ ግን መኪናውን መንገድ ላይ የሚያስቀር ነው። የማያውቁት ገዢ ክላቹ ማለቁን ሲሰማ 3,800ውን ብቻ ቀንሶ አያቆምም፤ ለስጋቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ለባዕድ የሚሸጡ ቢሆን ኖሮ ክላቹን ብቻ አሠርተው፣ ደረሰኙን ይዘው ይሽጡ እልዎ ነበር። እንበልና በ17,000 ቢሸጡት 13,200 እጅዎ ላይ ይቀራል።

የባለቤትዎ ወንድም ልጅ 15,000 ያለው ለሚሄድ መኪና ነው። ከዚያ ላይ የክላቹን 3,800 ይቀንሱና በ11,200 ይስጡት፤ ክላቹን እሱ ያሠራ። እርስዎ ነጋዴው ካለዎ 200 ይበልጥ ያገኛሉ፣ እሱም ራሱ በጠራው ዋጋ ክላቹ አዲስ የሆነ ቫን ይዞ ሥራ ይጀምራል። ከባዕዱ ገዢ ጋር ያለው የ2,000 ልዩነት ለዘመድ የሰጡት ስጦታ ነው። ስጦታ መሆኑን ሁለታችሁም እወቁት።

«እኔው አሠርቼ 15,000 ብቀበል ያው አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ለኪስዎ ያው ነው፤ ለስምዎ ግን አይደለም። እርስዎ አሠርተውት ከሁለት ወር በኋላ ቢንሸራተት «ርካሽ ዕቃ አስገብቶበት ነው» ይባላሉ። እሱ ሲያሠራው ሙሳኹን የሚመርጠው እሱ ነው፣ ደረሰኙና ዋስትናውም በእሱ ስም ይሆናል። ነገር ቢነሳ ስልክ የሚደወለው ለሙሳኹ ነው።

የአማችዎን ምክር አይስሙ። የ1968ቱ የእስራኤል የሽያጭ ሕግ፣ ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት ውሉ ላይ «እንዳለ ተሽጧል» ተብሎ ቢጻፍም ገዢው እንዲያነሳው ይፈቅዳል። አገር ቤት በሬ ስንሸጥ ገዢው ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ ትንሽ ያስኬደዋል። ተዋጊ መሆኑን ግን ሻጩ ካልተናገረ ማን ይነግረዋል?

ልጁ በዓይኑ ይይ። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከፊት ለፊት ሰው አይቁም። ሞተሩ እንደተነሳ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ክላቹን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ደህና ክላች ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። ምንም እንዳልተነካ ማጓራቱን ከቀጠለ ክላቹ አልቋል። አንዴ ይበቃል፤ ደጋግማችሁ የቀረውንም አታቃጥሉት። ከዚያ ቫኑን ማኾን ብዲካ ያስገባው፤ በልማዱ የሚከፍለው ገዢው ነው። የወጣውን ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙበትና አንድ አንድ ቅጂ ያዙ።

ሦስት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ቴስቱ ነው፤ አገር ቤት ቦሎ የምንለው። ፍሬኑ፣ ጎማው ወይም መብራቱ ቴስት የማያሳልፍ ከሆነ ያንን ያሠሩት። እስኪሸጥ ድረስ የሚነዱት እርስዎ ነዎትና ዋጋ ቢጨምርም ባይጨምርም ግድ ነው።

ሁለተኛው ማዓም (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ነው። ዖሴቅ ሙርሼ (ለማዓም የተመዘገበ ነጋዴ) ከሆኑና ቫኑን ሲገዙ ማዓሙን አስመልሰው ከነበረ፣ ሲሸጡትም ደረሰኝ ቆርጠው ማዓም መክፈል ይኖርብዎታል። ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው። ከ11,200ው ውስጥ 1,700 ያህሉ የእርስዎ አይደለም ማለት ነው። ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ሮኤ ሔሽቦንዎን (የሂሳብ ባለሙያዎን) ያማክሩ። ነጋዴው ያለዎ 11,000ም ማዓሙን ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር ይጠይቁት።

ሦስተኛው ስም ማዛወሩ ነው። ዘመድ ነው ብለው ቁልፉን አስቀድመው እንዳይሰጡት። ገንዘቡን በባንክ ይቀበሉ፣ በዚያው ቀን ፖስታ ቤት አብራችሁ ሄዳችሁ ስሙን አዛውሩ። ስሙ ካልዞረ ልጁ በሚከፈልበት በ6 ቁጥር መንገድ በሄደ ቁጥር ሂሳቡ ገደራ እርስዎ ቤት ይመጣል፤ የትራፊክ ቅጣቱም እንዲሁ። ኢንሹራንስዎን የሚሰርዙት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ልጁን ቡና ይጥሩት። ባለቤትዎ ባሉበት፣ በአቦሉ ላይ እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ፣ ክላቹ አልቋል፤ 3,800 ያስወጣሃል። ማዝጋኑ አይሠራም፣ በሩን እያየኸው ነው። ስለዚህ 15,000 ያልከውን በ11,200 ውሰደው።» በቶናው ይከራከርዎ፣ ትንሽም ይቀንሱለት ይሆናል። በረካው ሲቀዳ ግን የመኪና ወሬ ይብቃ፤ መርቀው ይሸኙት።