ደረት ሲጨነቅ ንጋት አይጠበቅም

ዕድሜያቸው ሃምሳ ያለፈ አንድ የሞላሌ ገበሬ ገብስ ሲያጭዱ ውለው ማታ ቤታቸው ገቡ እንበል። እራት ሳይቀርብ ደረታቸውን መሐሉ ላይ ድንጋይ እንደ ተጫነው ሆኖ ጨነቃቸው። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዳቸውና ወደ መንገጭላቸው ተዛመተ። ብርዱ እያለ ላብ አጠመቃቸው። ትንፋሽ አጠራቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ውጋት ነው፤ አረቄ ይቅመሱና ይተኙ፤ ሲነጋ እናያለን» አለ አንዱ። ምክሩ ለደግ ነው፤ ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

ለምን? ልብ ሥጋ ነው። እንደ ሌላው አካል ደም ይፈልጋል። ደም የሚያደርሱለት ቀጫጭን ደም ሥሮች ናቸው። አንዱ በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ልብ ቦዩ እንደ ተደፈነ ማሳ ይሆናል። ቦዩ ቶሎ ከተከፈተ ሰብሉ ይተርፋል። ልብ ግን እንደ ሰብል ቀናት አይታገሥም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሥጋው መሞት ይጀምራል። የሞተው ተመልሶ አይበቅልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. በሽተኛውን አታራምዱ። ጀርባውን አስደግፋችሁ፣ ጉልበቱን አጥፋችሁ አስቀምጡት። መቀነቱን ፍቱለት።

2. ወዲያው ለጤና ጣቢያ ደውሉ፤ ስልክ ከሌለ ሰው ላኩ። መኪና ደጅ የማይደርስ ከሆነ ባና አልብሳችሁ በቃሬዛ ወደ መንገድ አውጡት። ጤና ጣቢያው ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊልከው ይችላል።

3. አስፕሪን ካለ፣ ባለ 300 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ አኝኮ ይዋጥ። ሲያኝኩት ቶሎ ይሠራል። አስፕሪን የማይስማማው፣ ደም የሚያስታውክ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ግን አይውሰድ። በ1980 ዓ.ም. ውጤቱ የታወቀ፣ በ16 አገሮች ከ17 ሺህ በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት አስፕሪን የብዙ ሰው ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳይቷል።

4. አረቄ አትስጡ። በዋግምትና በማሸት ጊዜ አታጥፉ።

5. ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

6. ራሱን ስቶ መተንፈስ ካቆመ በጀርባው አስተኙት። ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መሐል በኃይል ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ርዳታ እስኪደርስ እየተቀያየራችሁ ቀጥሉ።

አንዳንድ ሴቶችና የስኳር በሽተኞች ሕመሙ ሳይበረታባቸው ድካም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ይህንንም አትናቁ። ትኩሳትና ሳል ያለበት ውጋት ደግሞ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሐኪም ይፈልጋል።

ዛሬውኑ የጤና ጣቢያችሁን ስልክ ቁጥር በግድግዳችሁ ላይ ጻፉ። ሌላ ቀን ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ይህን ያነበበ አንድ ሰው ተነሥቶ «ንጋት አንጠብቅም፤ ቃሬዛ አምጡ» ይበል።

ጥያቄዎች

ሀ. የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ምን ይሆናል?
ለ. አስፕሪን መውሰድ የሌለበት ማን ነው?
ሐ. በወረቀት የምንጽፈው ምንድን ነው? ለምን?