ሚኒሞውን ከመንካታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት በወርክሾፕ ልምምድ ላይ አንድ ስሕተት ሠርተናል። ነገ ተማሪ ፊት ቆመን ያንኑ እንዳናስተምር ብለን፣ ሳንደብቅ ለማቅረብ ወስነናል።

የምንለማመድበት ሞተር አሮጌ ነው። ካርቡራተር የለውም፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወጣው ቦሽ ኤል-ጄትሮኒክ በተባለው ዘዴ ቤንዚኑን በኢንጄክተር ይረጫል። ሚኒሞው ወርዶ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛም ካቻቢቴ ይዘን ቀጥታ ወደ ብሎኑ! ግማሽ ዙር ስንፈታው ሞተሩ ከፍ አለ፤ ደስ አለን። በማግሥቱ መምህራችን ከአየር መለኪያው ቀጥሎ ያለው የጎማ ቱቦ መሰንጠቁን አሳዩን። ቱቦው ሲለወጥ ሞተሩ በሚኒሞ 1400 ዙር ይጮህ ጀመር።

ለምን? በዚህ ዓይነት ሞተር የሚገባው አየር መጀመሪያ በመለኪያው ያልፋል፤ ኮምፒዩተሩም ቤንዚን የሚያዘው በዚያ ልክ ነው። ከመለኪያው በኋላ በስንጥቅ ሾልኮ የገባ አየር ግን አይቆጠርም። ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። የሚኒሞው ብሎን የሚከፍተው በአየር መዝጊያው ቅጠል ጎን የሚያልፈውን ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ የዚያ አየር ተለክቷል፣ ቤንዚኑም አብሮ ይጨምራል። እኛ ታዲያ ስንጥቁን ሸፈንነው እንጂ አልጠገንነውም።

መምህራችን ያሳዩን ፈተና ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጤነኛ ከሆነ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ምንም ካልመሰለው ቀድሞውኑ በሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ያኔ ካቻቢቴውን አስቀምጡና ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እዩ።

ቱቦውም ካንዴላውም ደህና ከሆኑ ብቻ ወደ ብሎኑ እንሂድ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ሲቀዘቅዝ ተጨማሪ አየር የሚሰጥ ቫልቭ ስላለው ዙሩ ያታልላል። ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ፣ መብራት የጠፋ። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው ማኑዋል አለ፤ ብዙዎቹ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ናቸው። ብሎኑ ሲፈታ ዙሩ ይጨምራል፣ ሲጠብቅ ይቀንሳል። ሩብ ዙር አዙራችሁ ጠብቁ፤ መቸኮል የለም። (ኮምፒዩተሩ ራሱ ሚኒሞውን በሚቆጣጠርባቸው በኋላ በወጡ መኪኖች አሠራሩ ሌላ ነው።)

የቅጠሉን ማረፊያ ብሎን ግን አትንኩ! እሱ ከዞረ፣ ቅጠሉ መዘጋቱን ለኮምፒዩተሩ የሚያሳውቀው ማብሪያ ይዛባል፤ ከዚያ ወዲያ ሚኒሞ ማስተካከል ጣጣ ነው።

ሞተራችንን 850 ላይ መልሰነዋል። የተሰነጠቀው ቱቦ ከወርክሾፑ በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ ከውጭ አይታይም፣ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት።