እንቁላሉ ለገበያ ወይስ ለሕፃኑ?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ስለ ትዕግሥት የተነገረ ቢሆንም ሌላም እውነት ይዟል። ዶሮ ከታቀፈች ከ21 ቀን በኋላ የሚፈለፈለው ጫጩት ሥጋውም፣ አጥንቱም፣ ላባውም የተሠራው ከዚያችው ከአንዲት እንቁላል ነው። እንግዲህ ፈጣሪ ለእድገት ያሰናዳው ይህ ምግብ ለልጆቻችን ምን እንደሚሰጥ እንመልከት።

50 ግራም ያህል የሚመዝን እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን ሰውነትን የሚገነባ ንጥረ ነገር ነው፤ የእንቁላል ፕሮቲን ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውን አሚኖ አሲዶች ሁሉ አሟልቶ ይገኛል። አስኳሉ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ቢ12፣ እንዲሁም ለአንጎል እድገት የሚረዳውን ኮሊን ይዟል። ይሁን እንጂ እንቁላል ቫይታሚን ሲ የለውም፤ በውስጡ ያለውም ብረት በቀላሉ ከሰውነት ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ከጎመን፣ ከቲማቲም ወይም ከብርቱካን ጋር መመገብ ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ከ100 ሕፃናት መካከል 37ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጎደለውን በኋላ መተካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት እንደ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ያሉትን ምግቦች በየዕለቱ እንዲያገኙ የመከረው ስለዚህ ነው።

በኢኳዶር ገጠር ሕፃናት ለ6 ወራት በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲመገቡ መቀንጨር በግማሽ ያህል ቀንሶ ታይቷል። ብዙዎቹ ሕፃናት ቀድሞውንም ዓሣ ይመገቡ በነበረበት በማላዊ ግን በቁመት ረገድ እንዲህ ያለ ለውጥ አልተገኘም። ከዚህም እንቁላል የሚጠቅም ምግብ እንጂ ብቻውን ፈውስ አለመሆኑን እንረዳለን፤ የእናት ጡት፣ ንጹሕ ውሃና ልዩ ልዩ ምግብም ያስፈልጋሉ።

ታዲያ በግቢያችን ዶሮ እያለች እንቁላሉ ለሕፃኑ የማይደርሰው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ችግር ነው። የብዙ እናቶች የጨው፣ የሳሙናና የደብተር መግዣ እንቁላል ስለሆነ ማንንም አንወቅስም። ነገር ግን በየሳምንቱ በመጀመሪያ የሕፃኑን ድርሻ አስቀርቶ የተረፈውን መሸጥ ይቻላል። ሁለተኛው፣ በጾም ወራት የቤቱ ዕቃ ፍስክ እንዳይነካው መሥጋት ነው። ጾም ሕፃናትን አያስገድድም፤ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት መለየት ሥጋቱን ያስወግዳል።

ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ አስኳሉም ነጩም እስኪጠና ድረስ የተቀቀለ እንቁላል ፈጭቶ ከገንፎ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ማስጀመር ይገባል። ጥሬ እንቁላል የሳልሞኔላ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል አይሰጥ። ሕፃኑ ከበላ በኋላ ሰውነቱ ሽፍ ቢልበት፣ ቢያስመልሰው ወይም ፊቱ ቢያብጥ እንቁላሉን አቁሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ለመወያያ
1. በሰፈራችን የሚገኘው እንቁላል በይበልጥ የሚውለው ለምንድን ነው?
2. ዶሮ የሌላት እናት ልጅ እንቁላል እንዲያገኝ እኛ ጎረቤቶቿ ምን ልናደርግ እንችላለን?