ሰንጢ በፊዚክስ ዓይን

ከደባርቅ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቅ ተጓዥ ሳንቃ በር ሲደርስ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ስፍራ ጣቱን ክፉኛ የቆረጠ ሰው ሐኪም ለማግኘት ወደ ከተማ መመለስ ሊኖርበት ይችላል። በመሆኑም በኪስ የሚያዝ ሰንጢ ሲመረጥ ማመዛዘን ይገባል። ገዢ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው በቶሎ መከፈቱን ነው። የፊዚክስ ሕግጋት ግን ሌላ ቅደም ተከተል ያሳዩናል።

ስለት

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኝ መጠን ነው። 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የስለቱ ክፍል በገመድ ላይ አርፎ በ20 ኒውተን ተጫንነው እንበል። የጠርዙ ውፍረት 2 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ግፊቱ 250 ሚሊዮን ፓስካል ይደርሳል። ጠርዙ ዶልዱሞ 20 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ግን ወደ 25 ሚሊዮን ይወርዳል። የቀድሞውን ግፊት መልሶ ለማግኘት 200 ኒውተን፣ ማለትም የ20 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል መጫን ግድ ይላል። እጅ የሚያድጠው በዚህን ጊዜ ነው። የዶለዶመ ሰንጢ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

አከፋፈት

በጥፍር ተስቦ የሚከፈት ሰንጢ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ ጓንትም ያስወልቃል። በአንድ እጁ የበቅሎ ገመድ ለያዘ ሰው በአውራ ጣት የሚገፋ ጉጥ ያለው ይሻለዋል። የማጠፊያው ሰበቃ 0.1 ኒውተን ሜትር ቢሆንና ጉጡ ከማጠፊያው 1 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ 10 ኒውተን ያስፈልጋል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ግን 5 ኒውተን ይበቃል። አቧራውን ጠርጎ አንዲት ጠብታ ዘይት ማድረግም ሰበቃውን ይቀንሳል። ቁልፍ ሲጫኑት በሞላ የሚፈናጠረው ዓይነት በውስጡ የታመቀ ጉልበት ስላለው ኪስ ውስጥም ሊከፈት ይችላል። ብሪታንያ የዚህን ዓይነት ሽያጭ በ1959 በሕግ ከልክላለች።

መቆለፊያ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ከማጠፊያው 7 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው የስለት ጫፍ ላይ 10 ኒውተን ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ ቢገፋ፣ ከማጠፊያው 5 ሚሊ ሜትር ላይ ያለው መቆለፊያ 140 ኒውተን ይሸከማል፤ አሥራ አራት እጥፍ መሆኑ ነው! መቆለፊያ የሌለውና በሞላ ብቻ የሚያዝ ሰንጢ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጣት ላይ ሊታጠፍ ይችላል። ከ1890 ጀምሮ ሰንጢ የሚሠራው የፈረንሳዩ ኦፒኔል በ1955 ስለቱን የሚቆልፍ ተሽከርካሪ ቀለበት ያበጀው ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ሰንጢ ስትመርጡ በመጀመሪያ መቆለፊያውን፣ ቀጥሎ ስለቱን፣ በመጨረሻ የአከፋፈቱን ፍጥነት መርምሩ። መቆለፊያውን ለመፈተን ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ አርቃችሁ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ላይ በቀስታ ተጫኑት። ከተነቃነቀ አትግዙት።

መልመጃ፦ በ9 ሴንቲ ሜትር ስለት ጫፍ ላይ 12 ኒውተን ቢያርፍ፣ ከማጠፊያው 6 ሚሊ ሜትር የሚርቅ መቆለፊያ ስንት ኒውተን ይሸከማል? (መልስ፦ 180 ኒውተን)