ረሃብ ከሰማይ ብቻ ይመጣልን?

ስለ ቆቦና ስለ ራያ ቆላ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ድርቅን ነው። ዝናብ ቀረ፣ ማሽላው ደረቀ፣ ሰው ተራበ፤ ነገሩ በዚሁ ያለቀ ይመስለናል። ለመሆኑ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ያለቀው ወገናችን ያለቀው በአገሪቱ እህል ጠፍቶ ነበርን?

ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ አልነበረም ይላል። የወሎ ምርት በእርግጥ ወድቋል። የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ግን ያን ያህል አልቀነሰም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል እንደነበር ተዘግቧል። ወደ ሰሜን የሚያልፈው አውራ ጎዳናም ክፍት ነበር። የራበው ሕዝብ መኪና እያስቆመ ይለምን የነበረው በዚያው መንገድ ላይ ነው! ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውም የሚሸጠውም በአንድ ጊዜ ጠፋበት። ከብቱን ወደ ገበያ ሲነዳ ደግሞ ሁሉም ሻጭ ሆኖ ዋጋው ወደቀ። ጎረቤቱ አፋርም የበጋ ግጦሹን በአዋሽ ዳርቻ ለተስፋፋው የጥጥ እርሻ ተነጥቆ ነበር። መንግሥት ዝም አለ። ዓለም ጉዳዩን በሰፊው ያወቀው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው።

ዛሬስ? ቆቦ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንበጣ ወረደበት፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ጦርነት ገባበት፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ተመለሰበት። የራያ ገበሬ ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ደለሉን በደቦ የሚጠርግ ጎረቤት፣ ከላይ ያለው ለታችኛው ውሃ እንዲለቅ የሚያስማማ ሽማግሌ ይፈልጋል። ሰው ሲፈናቀል ቦዩ ይደፈናል፤ ዝናብ ቢዘንብም ጎርፉ ሳይጠቅም ያልፋል። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ የሚያስቀብረው ቅሬም ይላላል። መጠለያ የገባ ሰው ደግሞ ከረሃቡ ይልቅ ተቅማጥና ኩፍኝ ይቀድሙታል።

እኛ ከተማ ያለነው አብዛኛውን ጊዜ እጃችንን የምንዘረጋው ሰው መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሬው ተሽጧል፣ ዘሩ ተበልቷል። ዘካችንን በረመዳን መስጠት ለምደናል፤ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ቦታውን ይቀይራል፤ የቆቦ የክረምት ችግር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያው ነው። የገንዘብ ዘካን ዓመቱ ሳይሞላ ማስቀደም በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የተፈቀደ በመሆኑ፣ ከቆላው የመጡ ነጋዴዎችን ጠይቆ ጊዜውን መምረጥ ይቻላል። መጠየቅ ያለብንም ስለ ዝናቡ ብቻ አይደለም። አንድ ፍየል ተሽጦ ስንት ጣሳ ማሽላ ይገዛል? ባለፈው ወርስ ስንት ይገዛ ነበር?