ብርቅ የሆነ አሮጌ ኦቶሞቢል ለሽያጭ ሲቀርብ ነጋዴ ሊመረምረው ስለሚገባ ነገር

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በብዛት የሚሠራ ዕቃ ዋጋው በገበያ የታወቀ ነው። አንድ ኩንታል ስኳር ወይም አንድ ጣቃ አቡጀዲ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ የጎረቤትን ሱቅ መጠየቅ ይበቃል። ብርቅ ዕቃ ግን ጎረቤት የለውም፤ ዋጋውን የሚያቆመው ሻጩ የሚያቀርበው ማስረጃ ነው። ለዚህ ጥናት በምሳሌነት የመረጥነው ቤንትሌ አር ታይፕ ኮንቲኔንታል የተባለውን ባለ ሁለት በር የእንግሊዝ ኦቶሞቢል ነው።

ይህ ኦቶሞቢል እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1955 የተሠራ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሙከራውን መኪና ጨምሮ 208 ብቻ ነው። ሻንሲውና ሞተሩ ክሩ በተባለው ከተማ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ አካሉን ግን ሌሎች ቤቶች ያለብሱት ነበር። 193ቱን የሠራው ኤች ጄ መሊነር የተባለው የለንደን ቤት ነው፤ የቀሩትን 15 ፓርክ ዋርድ፣ የፈረንሳዩ ፍራኔ፣ የስዊሱ ግራበርና የኢጣሊያው ፒኒን ፋሪና ተካፍለዋቸዋል። ክብደቱ እንዲቀንስ አካሉ በአሉሚኒየም ስለ ተሠራ፣ አራት ሰው ከነጓዙ ይዞ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችል ነበር። በመጀመሪያ የተሸጠው ለውጭ አገር ገዢ ብቻ ነው፤ ብሪታንያ ከጦርነቱ በኋላ የውጭ ምንዛሪ እጅግ ያስፈልጋት ነበርና። የወጪ ንግድ የሚሠሩ አንባብያን ይህን ሳይነገራቸው ይረዱታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የዚሁ ዓይነት ተራው ባለ አራት በር አር ታይፕ የብረት ቆርቆሮ አካል ለብሶ ከ2,000 በላይ ተሠርቷል፤ ዋጋውም ከኮንቲኔንታሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሁለቱ ሻንሲ ግን በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው። በዚህም ምክንያት በተራው ሻንሲ ላይ የኮንቲኔንታልን አካል አስመስለው የሚያለብሱ ባለሙያዎች ተነሥተዋል። አምሳያ መሥራት በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ አምሳያውን በእውነተኛው ስም መሸጥ ነው። በሐረር ቡና ጆንያ ውስጥ የሌላ ስፍራ ቡና ጨምሮ እንደ መሸጥ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ ገዢ ቀለሙን ከማየቱ በፊት የሻንሲውን ቁጥር ይመልከት። የእውነተኛው ኮንቲኔንታል ቁጥር ቢ ሲ በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይጀምራል፤ ቀጥሎ ተራ ቁጥሩ፣ በመጨረሻም ከኤ እስከ ኢ ካሉት አንዱ የምድብ ፊደል ይመጣል። በየምድቡ 13 ቁጥር እንደ ገደ ቢስ ተቆጥሮ ተዘሏል። እንግዲህ አንድ ሻጭ «ቢ ሲ 13 ሲ» የሚል መኪና ቢያቀርብ፣ ንግግሩ በዚያው ያበቃል።

ቁጥሩ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል። ፋብሪካው ለያንዳንዱ ሻንሲ የጻፈው ካርድ በእንግሊዝ አገር በሮልስ ሮይስ አፍቃሪዎች ክበብ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ሞተሩ እ.ኤ.አ. እስከ 1954 ድረስ 4,566 ሲ.ሲ. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 4,887 ሆኗል። ሞተሩ የተለወጠ መኪና ሐሰተኛ ነው አይባልም፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ሞተሩን የያዘው መኪና የሚያወጣውን ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም።

ስለ አካሉ ጥቂት እንጨምር። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ከብረት ጋር በተጋጠመበት ስፍራ እርጥበት ሲያገኘው ግን ይበላል። ይህን ትኩስ ቀለም ይሸፍነዋል። በንግድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ኢንቮይስ ሳነብ እንደ ታዘብኩት፣ «እንደ አዲስ የታደሰ» የሚለው አነጋገር ማን፣ መቼ፣ በስንት ገንዘብ እንዳደሰው የሚያሳይ ደረሰኝ ካልተያያዘበት ምንም ክብደት የለውም።

በአገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ይህን የምንጽፈው ቤንትሌ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ አስበን አይደለም። በዱባይ ወይም በለንደን ቅርንጫፍና ዘመድ ያለው ነጋዴ ግን እንዲህ ያለ ሽያጭ ሊያጋጥመው ይችላል፤ ያገለገለ የወፍጮ ሞተር ወይም የማተሚያ መኪና የሚያስመጣም ቢሆን ምርመራው አንድ ነው።

የመጨረሻው ነገር የገንዘቡ አከፋፈል ነው። ብዙ ሰዎች ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከተከፈተ ባንኩ ዕቃውን የሚመረምርላቸው ይመስላቸዋል። ባንክ የሚመረምረው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም፤ ሰነዱ ከተባለው ጋር ከተስማማ፣ ዕቃው አምሳያ ቢሆንም ይከፍላል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ በዕቃው መግለጫ ስፍራ «አንድ ቤንትሌ ኦቶሞቢል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከነፊደሉ ይጻፍ። ደግሞም ገዢው ራሱ የመረጠው፣ ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው መርማሪ መኪናውን አይቶ የፈረመበት የምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች ጋር እንዲቆጠር ይደረግ። የመርማሪውን አበል የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ሻጩ «እኔ ልክፈልልህ» ቢል እሺ አይባልም።